ስልኩ ሲጮህ ኢንተርኔቱ የሚጠፋበት ቤት

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ እቴቴ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ኢንተርኔታችሁ ስልኬን ሊገድልብኝ ነው። መጥተህ ንቀልልኝ» አሉ። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ድምፅ ይሰማኛል። «ኧረ ጋሼ፣ ስልኩ ነው ኢንተርኔቱን የሚገድለው!» መስመሩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ አለ። ሽሽሽሽ የሚል፣ ውሃ ሊፈላ ሲል ጀበና የሚያሰማው ዓይነት። እነሱ ሲከራከሩ እኔ እሱን ነበር የማዳምጠው።

እቴቴ አክስቴ ናቸው። 79 ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያለው። ሳሎኑ ውስጥ ስልኩ ዳንቴል ለብሶ ከቡፌው ጎን ይቀመጣል።

ይህ ስልክ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ልንገራችሁ። ሞባይል አላቸው፤ ግን በሞባይል አይሰሙም። ጆሯቸው ደክሟል። የቤት ስልኩ እጀታ ከበድ፣ ሰፋ ያለ ስለሆነ ጆሯቸው ላይ ልክ ይቀመጣል። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው እሁድ እሁድ የምትደውለው በዚሁ ነው። ቁጥሩን ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ስድስት ኪሎ ማስተርስ ትማራለች። ቀን የአንድ ድርጅት ሒሳብ ከቤት ሆና ትሠራለች፣ አንዳንድ ማታ ትምህርቷ በዙም ነው። ኤዲኤስኤሉን፣ ማለትም በስልኩ ሽቦ የሚመጣውን ኢንተርኔት፣ ያስገባችው እሷ ናት፤ ከገባ አራት ወር ሆኖታል። ለአንዷ ስልኩ፣ ለሌላዋ ኢንተርኔቱ የቀን ተቀን ኑሮ ነው። «አንዱን ተዉት» የሚባል ነገር አይደለም።

ምክር ግን ያልሰጠ አልነበረም። አንድ ጎረቤት «የቤት ስልክ ጊዜው አልፎበታል፣ አስቆርጡት» አለ። የሰፈር ልጅ መጥቶ ሞደሙን ከስልኩ አራቀው፤ ሳይሻል ሲቀር የዋይፋይ ቻናሉን ቀየረ። አገልግሎት ሰጪው ጋ ሲደወል «አጥፍታችሁ አብሩት» ተባለ። ጠፋ፣ በራ፣ ያው ሆነ።

እኔ ሥራዬ የቢሮ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከሁሉ የጠቀመኝ ደብተሩ ነው።

መጀመሪያ በሞባይሌ የቤቱን ስልክ ደወልኩና ሞደሙን ማየት ጀመርኩ። ስልኩ አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ። በሁለተኛው ላይ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ኢንተርኔቱ ሄደ። ለመመለስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወሰደበት። ልብ በሉ፣ የዋይፋዩ መብራት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ቻናል መቀየሩ የማይጠቅመው ለዚህ ነበር። በ2.4 ጊጋ ሄርትዝ የሚሠራ ሽቦ አልባ የቤት ስልክ ካለ ዋይፋይን ሊረብሽ ይችላል፣ እውነት ነው። ያኔ ግን የሚንገዳገደው ዋይፋዩ ነው፤ የዲኤስኤል መብራት እንደበራ ይቆያል። እዚህ የሚጠፋው ራሱ መስመሩ ነው። ይህን አንድ መብራት ማየት ብቻ ግማሹን መንገድ ያሳጥራል።

ቀጥዬ በብሮውዘር 192.168.1.1 ከፍቼ የሞደሙን ገጽ አየሁ። እዚያ የምልክትና የረብሻ ልዩነት በዴሲቤል ይጻፋል። ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ በትንሽ ነገር ይበጠሳል፣ ከ10 በላይ ከሆነ ይደላደላል ማለት ነው። የእቴቴ መስመር 5 ነበር። ጻፍኩት።

ከዚያ እጀታውን አንስቼ አዳመጥኩ። ያ ሽሽታ አለ። ሞደሙን ከሶኬት ነቀልኩት። ሽሽታው ወዲያው ጠፋ። ደስ ብሎኝ እጀታውን ልዘጋ ስል ግን ከቶኑ ሥር ሌላ ነገር ሰማሁ። ጭር… ጭር ጭር… የሚል፣ እሳት የነካው ደረቅ ቅጠል የመሰለ። ሞደሙ ጠፍቶም እሱ አለ። «እቴቴ፣ ይኼኛው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው። «እሱ የዝናብ ነው። ክረምት ሲገባ ይመጣል፣ በመስከረም ይሄዳል» አሉኝ፣ እንደ ጉንፋን።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ችግሩ አንድ አይደለም፣ ሁለት ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ብልሽት ሲደራረብ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ አንዱን ያስተካክላል፣ ምልክቱ ግን በሌላው ምክንያት አይጠፋም፣ ስለዚህ ያስተካከለውን ትክክለኛ ነገር መልሶ ያፈርሰዋል። ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እየነካሁ፣ ውጤቱን እየጻፍኩ ለመሄድ ወሰንኩ።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ሽቦው ትንሽ ላስረዳ። ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው አንድ ጥንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ንግግሩም ኢንተርኔቱም በዚያው ጥንድ ይሄዳሉ። ማኅሌት ቆሞ የሰማ ሰው ይገባዋል። ከበሮውና ጸናጽሉ በአንድ አየር ነው ወደ ጆሮ የሚመጡት፣ ጆሮ ግን አይደባልቃቸውም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነውና። የስልክ ንግግር ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ (በሴኮንድ የሚቆጠር ንዝረት) ባለው ወፍራም ክልል ይሄዳል። ኤዲኤስኤል ከ25 ሺህ ሄርትዝ ገደማ ይጀምርና እስከ 1.1 ሚሊዮን ይወጣል፤ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው እስከ 2.2 ሚሊዮን ይደርሳል። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ አይሰማም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሽቦ ሲኖሩ መጋጨት አልነበረባቸውም።

የሚያጋጫቸው መሣሪያው ነው። ስልክ ሲጠራ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመስመሩ ይላካል። (ስለዚህ የተላጠ የስልክ ሽቦ በባዶ እጅ አትያዙ። «የስልክ ሽቦ አይነዝርም» የሚባለው ልክ አይደለም።) እጀታው ሲነሳ ደግሞ 48 ቮልት ገደማ የነበረው መስመር በአንዴ ወደ ጥቂት ቮልት ይወርዳል። ይህ ሁሉ ግርግር በቀጥታ ከደረሰው ሞደሙ ከማዶ ካለው መሣሪያ ጋር የያዘውን ግንኙነት ይለቅና እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። በተቃራኒው የሞደሙ ቀጭን ምልክት ስልኩ ውስጥ ሲገባ የስልኩ ዕቃዎች ያዛቡትና ወደ ሽሽታ ይለውጡታል። ለዚህ ነው በስልኩና በመስመሩ መሃል ስፕሊተር የሚገባው። ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት፣ ሦስት ቀዳዳ ያላት፤ ላይን፣ ፎን፣ ሞደም። ወደ ስልኩ በሚሄደው በኩል ወፍራሙን ብቻ ታሳልፋለች፣ ቀጭኑን ታስቀራለች።

የእቴቴ ቤት ስፕሊተር ነበረው። በትክክልም ነበር የተሰካው፤ ሦስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ አየሁ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሞደሙን ፎን በሚለው ቀዳዳ በመሰካት ነው። ያኔ ስፕሊተሯ ኢንተርኔቱን ራሱን ታስቀረዋለች። እዚህ ግን እንደዚያ አልነበረም። ምናልባት ራሷ ተበላሽታ ይሆን ብዬ ልጅቷን መርካቶ ላክኋት፣ አዲስ ገዝታ መጣች። ቀየርኩ። ደወልኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ለውጥ የለም።

አሁን የቀረኝ አንድ ሙከራ ነበር። የሳሎኑን ስልክ ከነሽቦው ከግድግዳው ነቀልኩት። መስመሩ ላይ ሞደሙ ብቻ ቀረ። ማለትም፣ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በሞባይሌ ደወልኩ። ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ስልኩ ተነቅሎ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። የሞደሙ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ዝም በሉ እስቲ» አልኳቸው።

ከጓዳው ወዲያ፣ በጣም ደክሞ፣ ቅጭል… ቅጭል… የሚል ደወል ይሰማል።

በጓዳው በር ወጥቼ ድምፁን ተከተልኩ። ከሰርቪሶቹ አንዱ ውስጥ፣ በጤፍ ማዳበሪያና በጀሪካን መሃል፣ ግድግዳው ላይ የተመታች ጣውላ አለች። እሷ ላይ ጥቁር፣ በጣት የሚሽከረከር የድሮ ስልክ ተቀምጧል። መደወያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥላለች፤ ድሮ ሰው ሳይፈቀድለት እንዳይደውል የሚደረገው። ዳንቴሉ አቧራ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። ስልኩ እጄ ሥር እየጮኸ ነው።

«እቴቴ፣ ይኼ ስልክ ይሠራል እንዴ?»

«የአጎትህ ስልክ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና» አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው። «ምን፣ እሱን ማን ያነሳዋል።»

አጎቴ ድሬሰር ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ሌሊት ልጁን ሲያተኩሰው፣ ሚስቱን ምጥ ሲይዛት፣ ለእሳቸው ነበር የሚደውለው። ቤተሰቡ እንዳይቀሰቀስ ብለው ሽቦውን በጓዳው አዙረው እዚህ ክፍል አስገቡት፤ ክረምት ከበጋ እዚህ ይተኙ ነበር። ካረፉ 17 ዓመት ሆኗል። ስልኩን ማንም አላነሳውም። ማንም ግን አልነቀለውም። ስፕሊተሩን የገጠመው ልጅ ሳሎን ያለውን አንድ ስልክ አየ፣ ለእሱ ገጠመ፣ ሄደ። ሁለተኛ ስልክ አለ ብሎ የነገረው የለም፤ እኔም ብጠየቅ አላስታውሰውም ነበር።

ኤዲኤስኤል ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ስልክ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ውስጡ እውነተኛ የብረት ደወልና ደወሉን የሚመታ መጠምጠሚያ አለው። ከስፕሊተሩ በፊት ስለተቀጠለ በመሃል ምንም ወንፊት የለም፤ በጠራ ቁጥር ግርግሩ ሁሉ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ሽቦው አለ። ከሳሎን እስከ ሰርቪስ 20 ሜትር ይሆናል፣ ጠፍጣፋ፣ ያልተጋመደ። እንዲህ ያለ ቅጥያ ለንግግር ምንም አይለውም። ለኢንተርኔቱ ግን መጥፎ ነው፤ ምልክቱ እስከ ጫፉ ሄዶ ይመለስና ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፣ ረብሻም ከአየር ይሰበስባል።

በካቻቢቴ ሁለቱን ብሎኖች አላልቼ ሽቦውን ለጊዜው ለየሁት። የሳሎኑን ስልክ መልሼ ሰካሁ። አምስት ጊዜ ደወልኩ። አራቱን ጊዜ መብራቱ ጸንቶ ቆመ፣ አንዴ ብቻ ተንገዳገደ። የዴሲቤሉ ቁጥር ከ5 ወደ 8 ወጣ። ልጅቷ ከደስታዋ ጋር ልታቅፈኝ ነው። እቴቴ ግን እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀበናው አለ» አሉ።

ነበር። ሽሽታው አልሄደም። ጭርጭርታውም።

ያልገባኝ ይኼ ነው። የሳሎኑ ስልክ ስፕሊተር አለው፣ ስፕሊተሩ አዲስ ነው። ታዲያ ማነው የኢንተርኔቱን ምልክት ወደ ሽሽታ የሚለውጠው? ሽቦውን ተከትዬ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ ሽቦው ከምሰሶው መጥቶ ቤቱን የሚነካበት ቦታ ድረስ። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ ክፈፉ ላይ፣ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ነበር። ዝናቡ ከቆርቆሮው ሲወርድ ልክ እሱ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ናስትሮው በአንድ በኩል ተላቆ እንደ ቅጠል ይወዛወዛል።

ልጅቷን ሳሎን ሆና እጀታውን እንድታዳምጥ ነገርኳት። እኔ ደረቅ እንጨት ይዤ መጋጠሚያውን በቀስታ ገፋ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ አሁን ጮኸ!»

ወደ ግራ ገፋሁት።

«አሁን ተወ! ኧረ እንደገና ጀመረ!»

ዝገት ነው። ዝገት የያዘ የመዳብ መጋጠሚያ እንደ ተራ ሽቦ አይሆንም፤ እንደ ዲዮድ ይሆናል። በአንድ በኩል ይበልጥ ያሳልፋል፣ በሌላው ያንሳል። የሞደሙ ቀጭን ምልክት እዚያ ሲያልፍ ይዛባና ትርፉ ወደሚሰማው ክልል ይወርዳል። አንዴ ከወረደ ደግሞ ስፕሊተር አይመልሰውም፤ ለስፕሊተሯ እሱም እንደ ንግግር ነው፣ ታሳልፈዋለች። ሞደሙ ሲጠፋ ሽሽታው የሚጠፋው የሚዛባ ምልክት ስለማይኖር ነው። ጭርጭርታው የሚቀረው ዝገቱ ራሱ ስለማይጠፋ ነው። የእቴቴ «የዝናብ ነው» ፍጹም ትክክል ነበር። የአራት ወሩ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊትም መስመሩ ታምሞ ነበር።

መጋጠሚያውን እኔ አልቆረጥኩትም። ከምሰሶው እስከዚያ ያለው ሽቦ የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ የሰው መስመር መነካካት ልክ አይደለም። ስትደውል ግን ምን ማለት እንዳለባት ለልጅቷ ጻፍኩላት። «ኢንተርኔት አይሠራም» ካልሽ አጥፍተሽ አብሪው ትባያለሽ። «ሞደሙ ጠፍቶም ስልኩ ላይ ጩኸት አለ፣ ሽቦው ቤቱን የሚነካበት መጋጠሚያ ሲነካ ድምፁ ይለዋወጣል» በይ፣ አልኳት። ይህን ብትል ጉዳዩ የስልክ መስመር ብልሽት ይሆናል፣ ሰው መላክ ግድ ነው። ሰው በሦስተኛው ቀን መጣ።

የመጣው ቴክኒሺያን ወጣት ነው፣ እጁ ንጹሕ። መሰላሉ ላይ ሆኖ ናስትሮውን ሲፈታው አየሁ። ከሥሩ መዳቡ መዳብ አይመስልም። አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው አንዱ ሽቦ እንደ ደረቀ ስንጥር ተሰበረ። የበሰበሰውን አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ ጣለ፤ ከሥሩ ቀዩ መዳብ ሲወጣ ያበራል። ውስጣቸው ጄል ባላቸው ትንንሽ ኮኔክተሮች ጨምቆ አጋጠመው። ጄሉ ውሃና አየር እንዳይገባ ያደርጋል። ከዚያ ሽቦውን ከመጋጠሚያው በፊት ወደ ታች እንዲያንጠለጥል አድርጎ አጠፈው፤ ዝናቡ በሽቦው እየተንሸራተተ መጋጠሚያው ላይ ከመድረስ ይልቅ ከጥምዙ ጫፍ ይንጠባጠባል። ይህች ትንሽ ነገር ከናስትሮ ይልቅ ዕድሜ ትሰጣለች። እቴቴ ቡና ሳይጠጣ አለቀቁትም።

የቀረው የአጎቴ ስልክ ነው። ነቅሎ መተው ቀላል ነበር። ልጅቷም «ይቅር በቃ» አለች። እቴቴ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸውን አየሁና ሽቦውን እንደገና ላነሳው ተቀመጥኩ።

ለሰርቪሱ ስልክ ብቻ የምትሆን ትንሽ ፊልተር መግጠም ይቻላል፤ ያ ስልክ ግን እንደ አሁኖቹ የሚሰካ ጫፍ የለውም፣ በብሎን ነው የታሰረው። ስለዚህ ሌላውን መንገድ መረጥኩ። ስፕሊተሯን ከሳሎኑ ጠረጴዛ አንስቼ ሽቦው ቤት የሚገባበት ቦታ፣ ከምንም ቅጥያ በፊት አደረግኋት። ሞደም ከሚለው ቀዳዳ አንድ የተጋመደ ኬብል በቀጥታ፣ ያለምንም መጋጠሚያ ወደ ሞደሙ ሄደ። ፎን ከሚለው ቀዳዳ ሁለቱም ስልኮች ተቀጠሉ፣ የሳሎኑም የሰርቪሱም። አሁን ከአጎቴ ስልክ የሚመጣ ግርግር ሁሉ በወንፊቷ ያልፋል፤ ያ የ20 ሜትር ሽቦም ከኢንተርኔቱ መንገድ ወጣ። ቤት ውስጥ ብዙ ስልክ ወይም ፋክስ ላለው ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ አንድ ስፕሊተር መግቢያው ላይ። (ፋይበር የገባለት ቤት ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ይህ የመዳብ ሽቦ ጣጣ ነው።)

ሲያልቅ ቁጥሩን አየሁ። 12። አሥር ጊዜ ደወልኩ፤ በአሥሩም መብራቱ ንቅንቅ አላለም። እጀታውን አነሳሁ፤ ቶኑ ብቻ። የመስመሩን ሥዕል በደብተር ወረቀት ሥዬ ቡፌው በር ውስጠኛው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ስፕሊተሯ ላይ «እንዳይነቀል» ብዬ ጻፍኩ።

የቡሄ ዕለት እንደገና ሄድኩ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላቆመም። ልጆች በር ላይ ሆያ ሆዬ እያሉ ነው፣ ልብሳቸው ረጥቧል፣ እቴቴ ሙልሙል እያደሉ ነው። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ዙም ላይ ናት። ስልኩ ጮኸ። ከሳሎን አዲሱ፣ ከኋላ ደግሞ ቅጭል ቅጭል። ሞደሙን አየሁት። መብራቱ እንደበራ ነው። ከክፍሉ ልጅቷ ለመምህሯ ስትመልስ ይሰማል።

«እሷ ናት፣ ለቡሄ ነው የደወለችው» አሉ እቴቴ። የሳሎኑን ስልክ አልፈውት ሄዱ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በዝናቡ ወደ ሰርቪሱ ተሻገሩ። ደወሉ ቆመ።

«ሃሎ» ሲሉ ሰማኋቸው። «አዎ፣ በአባትሽ ስልክ ነው። ትሰሚኛለሽ? እኔማ ጥርት አድርጌ ነው የምሰማሽ።»